ምሕረት ወይስ መብት? ስለ ተፈረደበት ሰው ዜግነት

በወንጀል የተፈረደበት ሰው ቅጣቱን ከፈጸመ በኋላ እንደ ገና ሙሉ ዜጋ የሚሆነው በማን ፈቃድ ነው? በንጉሥ፣ በመንግሥት፣ በጎረቤቶቹ ወይስ በሕግ? ጥያቄው የሕግ ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። የታሪካችንን ገጽ ለገለጠ ሰው ግን የፖለቲካችን እምብርት ነው። እኛ ኢትዮጵያውያን ምሕረትን እናውቃለን፤ የታሰረ ሲፈታ እልል እንላለን። ከእልልታው በኋላ ለተፈታው ሰው ምን መብት እንደ ቀረው ግን እምብዛም አንጠይቅም።

ከጎጃም እንጀምር። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ፣ ልጅ ኢያሱ ከፍቼ እንዲያመልጡ ረድተዋል ተብለው በ1924 ዓ.ም. ሞት ተፈረደባቸው፤ ቅጣቱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ ሀብታቸውም ተወረሰ። ያጡትን ክብር የመለሰላቸው የአገራቸው ሕግ አልነበረም። ወራሪው ፋሺስት ጣሊያን ነበር፤ በ1933 ዓ.ም. ሥልጣኑ ሲናጋም ጎጃምን እንዲያረጋጉለት ወደ ደብረ ማርቆስ ላካቸው። ይህ ከጠላት ጋር ማበርን አያጸድቅም። ሆኖም ከፍርድ የሚመለስበት የታወቀ መንገድ በሌለበት አገር፣ መንገዱን ባዕድም ሊከፍተው እንደሚችል ያሳያል።

በዚያው በጎጃም የተቃራኒው ታሪክ አለ። ደጃዝማች በላይ ዘለቀ (አባ ኮስትር) ጣሊያንን አምስት ዓመት ተዋግቶ፣ ከነፃነት በኋላ ከመንግሥት ጋር ተጋጨና ተፈረደበት። የሞት ቅጣቱ ወደ እስራት ከተለወጠለት በኋላ ከእስር ቤት አምልጦ ተያዘ፤ በጥር 1937 ዓ.ም.ም ከራስ ኃይሉ ልጅ ከልጅ ማሞ ጋር በስቅላት ተቀጣ። ዛሬ ከመራዊ ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ የሚሳፈርበት የአውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል። ሕዝብ ስሙን መለሰለት፤ ግን ከሞተ በኋላ። በሁለቱ ጎጃሜዎች መካከል የጎደለው አንድ ነገር ነበር፤ ለሕያው ሰው የተሠራ የሕግ መንገድ።

ያ መንገድ በወረቀት ላይ የተጠረገው በ1949 ዓ.ም. በወጣውና በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. በሥራ ላይ በዋለው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግም ወርሶታል። በአንቀጽ 123 መሠረት ፍርድ ቤት ጥፋተኛውን ከመምረጥና ከመመረጥ ሊከለክለው ይችላል፤ ለውልና ለሰነድ ምስክር ወይም ዋስ እንዳይሆንም ሊያግደው ይችላል። ለከተሜው ምርጫው ይከብዳል። ለቡሬ ገበሬ ግን ዋስ መሆን የማይችል ሰው፣ ሰው ፊት የማይቆም ሰው ነው።

የዚህን መድኃኒት ሕጉ «መሰየም» ይለዋል፤ ከአንቀጽ 232 ጀምሮ ይገኛል። ጽኑ እስራት የተቀጣ ሰው ቅጣቱን ከጨረሰ አምስት ዓመት፣ በሌላው ጊዜ ሁለት ዓመት ካለፈው፣ በመካከሉም ካልጠፋና የተፈረደበትን ካሣ እንደ አቅሙ ከከፈለ ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። ከተሰየመ በኋላ የተነጠቀው መብት ይመለሳል፤ ፍርዱም እንዳልነበረ ይቆጠራል። አሮጌውን ፍርድ በክፋት እያነሣ የሚሰድበው ሰው በስም ማጥፋት ይጠየቃል፤ «እውነቱን ነው የተናገርሁት» ማለትም አያድነውም።

«እንደ አቅሙ» የምትለውን ቃል ልብ በሉ። በአሜሪካ የፍሎሪዳ ሕዝብ በ2018 እ.ኤ.አ. በድምፁ ቅጣታቸውን ለፈጸሙ ሰዎች የመምረጥ መብትን መለሰ፤ በዓመቱ የግዛቱ ምክር ቤት የገንዘብ ዕዳቸውን አስቀድመው እንዲከፍሉ ደነገገና ብዙ ድኾችን ከበሩ አስቀረ። የእኛ ሕግ በዚህ ረገድ ርኅሩኅ ነው።

ታዲያ መድኃኒቱ እያለ ስለ ምን ዘወትር የምንሰማው ስለ ይቅርታና ስለ ምሕረት ብቻ ሆነ? መልሱን በ1999 ዓ.ም. እናገኘዋለን። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የታሰሩት የቅንጅት መሪዎች ሐምሌ 9 ቀን ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ ከመምረጥና ከመመረጥም ተሻሩ። ሐምሌ 13 ቀን 38 ሰዎች በይቅርታ ተፈቱ፤ የፖለቲካ መብታቸውም እንደ ተመለሰ ተነገረ። ለተራው ሰው አምስት ዓመት የሚያስጠብቀው ነገር በአራት ቀን ተፈጸመ። እሰየው ማለት ይገባል። ነገር ግን መንግሥት በአራት ቀን የሰጠውን በአንድ ቀን ሊነጥቅ ይችላል፤ ነጠቀም። በታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. የወ/ሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ይቅርታ ተሰረዘ፤ የቀድሞዋ ዳኛ ወደ ዕድሜ ልክ እስራቷ ተመለሰች፤ እስከ መስከረም 2003 ዓ.ም.ም አልተፈታችም።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. ደግሞ ይህችው ሴት የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆና ተሾመች፤ የ2013ቱን ምርጫ መራች፤ በ2015 ዓ.ም. በፈቃዷ ለቀቀች። እንዳትመርጥ የተፈረደባት ሴት የአገሩን ምርጫ መራች! ታሪኩ ያስደስታል፤ ያስፈራልም። ሦስቱም ጊዜ፣ ሲሰጣትም ሲነጠቅባትም ሲመለስላትም፣ የተለወጠው የሥልጣን ነፋስ እንጂ ሕጉ አልነበረም።

ገጠሩ የራሱ መሰየም አለው። በምዕራብ ጎጃም ነፍስ ያጠፋ ሰው እስራቱን ጨርሶ ከፍኖተ ሰላም ማረሚያ ቤት ቢወጣም ደሙ ካልደረቀ አገሩ አይገባም። ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ ካሣ ይቆረጣል፤ ዕርቅ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ ነገሩን ማንሣት ነውር ነው፤ ልክ ሕጉ እንደሚለው። መንግሥትና ሽማግሌ ሳይመካከሩ አንድ አሳብ ላይ ደርሰዋል፤ ቅጣት መጨረሻ ሊኖረው ይገባል። የጎደለው ሁለቱን የሚያገናኝ ነው። ተፈቺው ከማረሚያ ቤት ሲወጣ «ይህን ያህል ዘመን ቆይተህ ለፍርድ ቤት እንዲህ ብለህ ማመልከት ትችላለህ» የሚለው ያስፈልገዋል፤ የሽማግሌዎቹም ዕርቅ ለመልካም ጠባዩ ማስረጃ ሆኖ ዳኛው ፊት ሊቀርብለት ይገባል።

ይህ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ጦርነት መራዊንና አካባቢዋን ክፉኛ አድምቷል። ማንኛውም ጦርነት ሲያበቃ እስረኛና ፍርደኛ ትቶ ያልፋል። ያን ጊዜ እንደ ልማዳችን ለታዋቂዎቹ ይቅርታ፣ ለስም የለሹ ገበሬ ዝምታ ከሆነ የምናድለው፣ ነገ ሌላ ባለ ቂም እናፈራለን። አባቶቻችን «በሕግ አምላክ» ሲባሉ የሚቆሙት ሕግ ከሰው በላይ ነው ብለው ስላመኑ ነው። ምሕረት መልካም ነው፤ የሰጪው ስለ ሆነ ግን ሰጪው ይወስደዋል። በሕግ የተመለሰ መብት የባለቤቱ ነው።

ልቦና ይስጠን።