ሲሚንቶ የሌለው ግድብ

ግድብ ሲባል ትዝ የሚለን ሲሚንቶ ነው። አዲስ አበቤ ከሆኑ ደግሞ ገፈርሳ። በአምቦ መንገድ ያለውን ይህን ግድብ ጣሊያን በወረራው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1938 ሠራው። ለእኛ ጥም አዝኖ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ላሰበው የሰፋሪ ከተማ ውሃ ያስፈልገው ነበር። እሱ ሄደ፣ ግድቡ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1970 ለገዳዲ እስኪደርስለት ድረስ የመዲናዋ ዋና ውሃ አጠጪ ሆኖ ኖረ፤ ዛሬም ጡረታ አልወጣም።

የመንዝ ሰው ግን ከገፈርሳ በፊት ግድብ ነበረው። እንደ ግድብ ስላልቆጠርነው ነው እንጂ። የመንዝ ግድብ ሳር ነው።

መንዝ ጌራ ላይ፣ ከ3,200 ሜትር ከፍታ በላይ ጓሳ ተዘርግቷል። ሳሩ ጉብ ጉብ ብሎ ይበቅላል፤ የክረምቱን ዝናብና የማለዳውን ጉም በሥሩ ይዞ ቀስ እያለ ለምንጮቹ ይለቃል። ከዚያ የሚነሱት ወንዞች ከፊሎቹ ለዓባይ፣ ከፊሎቹ ለአዋሽ ይገብራሉ። ሰው ሳሩን የጠበቀው ለውሃው ብቻ ብሎ አይመስለኝም። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ገሳ ይሠራበታል፣ በክፉ ቀንም ከብት ይግጠዋል።

የጥበቃው ሥርዓት ቄሮ ይባላል። (የዛሬ አንባቢ በዚህ ቃል ሌላ ነገር ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ይኸኛው የመንዝ ነው።) ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ ይነገራል። የአስቦና የጌራ ተወላጆች አለቃቸውን ይመርጣሉ፤ ጓሳው ለሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም ለአምስት ይዘጋል። ደፍሮ የገባ ይቀጣል። በ1967 የመሬት አዋጅ ርስት ሲፈርስ ቄሮም አብሮ ፈረሰ።

ነገሩ የሚከብደኝ እዚህ ላይ ነው። ቄሮ ፍትሐዊ አልነበረም። ከሁለቱ አባቶች ዘር የማይቆጠር ጎረቤት ዳር ቆሞ ከማየት በቀር ምን ነበረው? አዋጁ ለዚያ ሰው በር ከፈተለት፤ እሰየው! ግን በሩን የከፈተው እጅ ዘበኛውንም አሰናበተ። ሳሩ ያለ ቀኑ ታጨደ፣ ዳር ዳሩም ታረሰ። ርስት ይመለስ የሚል ካለ አልስማማም። ዘበኛው ለምን አብሮ ተባረረ ብሎ መጠየቅ ግን ሌላ ነው።

ኋላ ላይ የአካባቢው ሰው በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መልሶ ያዘ፤ ክልሉም እ.ኤ.አ. በ2012 ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ብሎ በደንብ አወቀው። መብቱ አሁን በነዋሪነት እንጂ በዘር አይደለም። የሚጠብቁትም እነዚያው ነዋሪዎች ናቸው፤ በዚያ ብርድ፣ በእግራቸው።