ፊፋ የማያውቃቸው «ብሔራዊ» ቡድኖች

የሴካፋን ዋንጫ ለሚከታተል አንባቢ ዛንዚባር አዲስ አይደለችም። ውድድሩ ላይ የምትሰለፈው በራሷ ስም ነው፤ በ1995 ዋንጫውን ወስዳለች (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወደ ዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ሲኬድ ግን ዛንዚባር የለችም፤ በፊፋ መዝገብ ያለችው ታንዛኒያ ናት። በመጋቢት 2017 ካፍ 55ኛ አባሉ አድርጎ ተቀብሏት ነበር። አራት ወር ያህል ቆይቶ በሐምሌ «ከአንድ አገር ሁለት ማኅበር አይወከልም» ብሎ ሰረዛት።

ታዲያ እንዲህ ያለ ቡድን የት ይጫወታል? ይህን ስከታተል ነው ከፊፋ ውጪ ሌላ የውድድር ዓለም እንዳለ የተረዳሁት። በ2006፣ የጀርመን የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት፣ የሀምቡርጉ ሳንክት ፓውሊ እንደ ቲቤትና ግሪንላንድ ያሉ ቡድኖችን ጋብዞ ነበር። ዛንዚባር ለፍጻሜ ደርሳ በሰሜን ቆጵሮስ በመለያ ምት ተሸነፈች። በዚያው ዓመት ደቡብ ፈረንሣይ ላይ «ቪቫ የዓለም ዋንጫ» የሚባለው ተጀመረ። የደቡብ ካሜሩን ቡድን ቪዛ አጥቶ ቀረ። በፍጻሜው በሰሜን አውሮፓ የሚኖሩት የሳሚ ሕዝቦች ቡድን ሞናኮን 21 ለ 1 አሸነፈ። የኅትመት ስህተት አይደለም፣ ሃያ አንድ ለአንድ ነው።

በ2013 ኮኒፋ የተባለው ኮንፌዴሬሽን ተመሠረተና በቀጣዩ ዓመት ስዊድን ውስጥ 12 ቡድኖችን አወዳደረ። ከቻድ የስደተኛ ካምፖች የተውጣጣው የዳርፉር ቡድን በአንድ ጨዋታ 20፣ በሌላው 19 ጎል ገባበት። እኔ በዚህ ውጤት መሳቅ አልቻልኩም። ከጦርነት ሸሽቶ በአሸዋ ላይ ኳስ የተማረ ልጅ ከሣር ሜዳ መድረሱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚገርመኝ የ2018ቱ ውድድር ነው። 16 ቡድኖች ለንደን ውስጥ ተጫወቱ፤ የክብር አስተናጋጇ ግን የደቡብ ሶማሊያዋ የወደብ ከተማ ባራዋ ነበረች! ከተማዋ እስከ 2014 ድረስ በአልሸባብ እጅ ስለነበረች «አገራችን ኑ» ማለት ዘበት ነው። ቡድኑ የተዋቀረው እንግሊዝ ከሚኖሩ ሶማሌዎች ነው። የአይል ኦፍ ማን ቡድን «ባራዋ ያለ ደንቡ ተጫዋች አሰልፋለች» ብሎ አቤት አለ። አቤቱታው ተቀባይነት ሲያጣ ውድድሩን ጥሎ ወጣ። አገር የሌለው ቡድንም የአባልነት ጭቅጭቅ አይቀርለትም ማለት ነው።

ኮኒፋ «እኛ ፖለቲካ ውስጥ የለንበትም» ይላል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን መንግሥታት እንደዚያ አያዩትም። የለንደኑን ዋንጫ ያነሳው ካርፓታልያ፣ ማለትም በምዕራብ ዩክሬን የሚኖሩ የሀንጋሪ ተወላጆች ቡድን ነው። ሰሜን ቆጵሮስን የረታው ያለ ጎል ከተለያዩ በኋላ በመለያ ምት 3 ለ 2 ነው። ቡድኑ ወደ ውድድሩ የገባውም ሌላ ቡድን ራሱን በማግለሉ በምትክነት ነበር። ተተኪ ሆኖ ሄዶ ዋንጫ ይዞ መመለስ በየትኛውም አገር የአበባ ጉንጉን ያስጠብቃል። የያኔው የዩክሬን ስፖርት ሚኒስትር ኢሆር ዝዳኖቭ ግን ድርጊቱን «የስፖርት መገንጠል» ብለው ፈርጀው፣ የአገሪቱ የደኅንነት መሥሪያ ቤት ተጫዋቾቹን ጠርቶ እንዲመረምር ጠየቁ።