ግቢውና ጎረቤቱ፦ ከሾላ እስከ የካ አባዶ

በቋንቋችን «ግቢ» የሚለው ቃል ሁለት ታላላቅ ቤቶችን ያገለግላል። ቤተ መንግሥቱ ግቢ ነው፤ ዩኒቨርሲቲውም ግቢ ነው። ልጃቸው ፈተናውን አልፎ ዩኒቨርሲቲ የተመደበላቸው ወላጆች «ግቢ ገባልን» ብለው ለጎረቤት ያበሥራሉ። ቃሉ ክብር አለው፤ አጥርም አለው። ግቢ ካለ ውስጥና ውጭ አለ፤ ገቢና ቀሪ አለ።

በአዲስ አበባ ይህ የቃል መመሳሰል ብቻ አይደለም፤ ታሪክም ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት የአገሪቱ ባለሥልጣናት የተረሸኑበትን ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ንጉሠ ነገሥቱ ለትምህርት ሰጡት። ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በዚያው ተመረቀ። ስጦታው ታላቅ ነበር። ሆኖም ዩኒቨርሲቲው ከሕንፃውና ከዛፎቹ ጋር አጥሩንም ወረሰ። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው፦ ከስድሳ ዓመታት በኋላ ከአጥሩ ምን ያህሉን አፍርሰናል? ከግቢው ውጭ ለሚኖረው ሰውስ ዩኒቨርሲቲ ምኑ ነው?

ከደምቢያ የመጣ ትምህርት

ዩኒቨርሲቲና ማኅበረሰብ እንዴት ይተባበሩ የሚለው ጥያቄ ከውጭ የመጣ አዲስ ፋሽን የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ሲመሠረት ከጀርባው የደምቢያ ወባ ነበረች። ከምሥረታው ጥቂት ቀደም ብሎ የተነሣው ወረርሽኝ በሺሕ የሚቆጠር ሕዝብ ጨርሷል። ስለዚህ ኮሌጁ የተነሣው ከሕዝቡ ሕመም እንጂ ከመማሪያ መጽሐፍ አልነበረም። የጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያው በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ እየወጡ እንዲማሩ ተደረገ። ጉድጓዱን፣ ጓዳውን፣ እናቲቱንና ሕፃኑን በአንድነት ማየት የትምህርቱ አካል ሆነ። በቡድን የማሠልጠኑ ሥርዓት ዘውዱንም ደርግንም አልፎ ዛሬ ድረስ ዘልቋል።

በሐረማያ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሙከራ ነበር። የእርሻ ኮሌጁ በአሜሪካ የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ እገዛ ሲቋቋም መምህር፣ ተመራማሪና የገበሬ አማካሪ በአንድ ጣሪያ ሥር እንዲሆኑ ታስቦ ነበር። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1862 ለኮሌጆች መሬት የሚሰጥ ሕግ አውጥተው የጀመሩት መንገድ ነው። በእኛ አገር ግን በ1950ዎቹ አጋማሽ የኤክስቴንሽኑ ሥራ ከኮሌጁ ተወስዶ ለግብርና ሚኒስቴር ተሰጠ። መሥሪያ ቤቱ ሥራውን ለማስፋት ፈልጎ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ተመራማሪውንና ገበሬውን ፊት ለፊት ያገናኝ የነበረው ገመድ ላላ። ለአንደኛው ጥናት ቀረለት፣ ለሌላኛው መመሪያ።

«ድህነት ወንጀል ነውን?»

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1966 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች «ድህነት ወንጀል ነውን?» ብለው ሰልፍ ወጡ። ምክንያቱ ሾላ ነበር። ከጎዳና የተለቀሙ ለማኞች በዚያን ጊዜ የከተማዋ ዳር በነበረው ሾላ ተከማችተው ይኖሩ ነበር። መንግሥት መጠለያ ቢለው፣ ተማሪዎቹ ማጎሪያ አሉት።

የተማሪውን እንቅስቃሴ ታሪክ ስናነሣ «መሬት ላራሹ» የተባለበትን የየካቲት 1957 ዓ.ም. ሰልፍ እናስቀድማለን። ትክክል ነው። ለዛሬው ጉዳያችን ግን የሾላው ይበልጣል፤ ምክንያቱም ጥያቄው የጎረቤት ጥያቄ ነበር። ከስድስት ኪሎ ሾላ በእግር ይደረሳል። ተማሪዎቹ ከተማዋ ልትደብቀው የፈለገችውን ጎረቤት ማየታቸው አንድ ነገር ነው፤ ግቢውን ወክለው መጠየቃቸው ሌላ ነገር። ይሁንና ያ ሰልፍ ሰልፍ ሆኖ ቀረ። ዩኒቨርሲቲው እንደ ተቋም ከሾላ ጋር ዘላቂ ጉርብትና አልመሠረተም።

ያ ትውልድ ከሩቁ ሕዝብ ጋር የተዋወቀበት ትልቁ መንገድ ሌላ ነበር። በ1957 ዓ.ም. በተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት መሠረት ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ እየሄደ ማገልገል ግዴታው ሆነ። አብዛኞቹ በየአውራጃው ትምህርት ቤቶች አስተማሩ። በአፍሪካ ብዙ ተመሳሳይ ያልነበረው ሥራ ነው፤ የመምህራንን እጥረት አቃልሏል። ነገር ግን በብዙ የተጠቀመው ማን ነበር? ይህ ጸሐፊ እንደሚያምነው ተማሪው ራሱ ነው። የባላባቱንና የጭሰኛውን ኑሮ በዓይኑ አይቶ፣ ሌላ ሰው ሆኖ ወደ ግቢው ተመለሰ። ያስተናገደችው ከተማ ግን በዓመቱ መጨረሻ ልጁን ሸኝታ ሌላ እንግዳ ትጠብቃለች። ምደባው የሚሠራው ከላይ ነበር፤ «ምን ትፈልጋላችሁ?» ተብሎ የተጠየቀ የአገር ሽማግሌ ስለመኖሩ ብዙም አይነገርም።

ዘመቻ ጉርብትና አይደለም

አብዮቱ ሲመጣ ሐሳቡ ሰፍቶ፣ በትእዛዝም ጠንክሮ ተመለሰ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ታወጀ፤ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። የካቲት 25 ቀን የመሬት አዋጁ ሲወጣ ዘማቾቹ ገበሬውን በማኅበር አደራጁ፣ ፊደል አስቆጠሩ፣ ትምህርት ቤትና ጉድጓድ ሠሩ። ውለታቸው በቀላሉ አይካድም። ነገር ግን በየቦታው ከባለርስት፣ ከፖሊስና ከራሱ ከመንግሥት ጋር ተጋጩ። የሞቱ አሉ፤ ዘመቻውን ጥለው የጠፉም ብዙ ናቸው። ሕዝቡን እንዲያነቁ የተላኩት ልጆች ከላኪው ይልቅ በሕዝቡ ወገን ሲቆሙ፣ ላኪው በዓይነ ቁራኛ ያያቸው ጀመር።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። ዘመቻ አዛዥ አለው፣ መነሻና ማብቂያ ቀን አለው፣ «አንቂ»ና «ተነቂ» አለው። ጉርብትና ግን አዛዥ የለውም፤ በሰርግም በሐዘንም ይገናኛል፤ ዛሬ አበድሮ ነገ ይበደራል። አባቶቻችን «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ያሉት ያለ ነገር አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የዘመቻ ታሪክ ሞልቷቸዋል፤ የጎደላቸው የጉርብትና ታሪክ ነው።

ለዚህ በጎ ምሳሌ ከተፈለገ ጅማ አለ። በ1970ዎቹ አጋማሽ የተቋቋመው የጅማ የጤና ሳይንስ ተቋም፣ በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከሆነም በኋላ፣ ትምህርቱን ማኅበረሰብ ተኮር አድርጎ ቀርጿል። ተማሪው ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንሥቶ ወደ ሰፈር ይወጣል፣ ችግሩን ከነዋሪው ጋር ይለያል፣ ዕቅድ ያወጣል፣ ይሠራል፣ በዚያውም ይመዘናል። ዋናው ቁም ነገር ይህ ነው፤ ማኅበረሰቡ የትርፍ ጊዜ ምጽዋት ተቀባይ ሳይሆን የትምህርቱ ክፍል ነው።

ከእንጦጦ ግርጌ

ከስድስት ኪሎ መስኮት ቀና ብሎ ላየ እንጦጦ ቅርብ ነው። ለአሥርተ ዓመታት እናቶችና ልጃገረዶች የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ከቁመታቸው አስበልጠው በጀርባቸው ተሸክመው፣ በሽሮ ሜዳ አድርገው ወደ ከተማ ወርደዋል። ብዙ ጥናት ተጠንቶባቸዋል። ግን ጥናቱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ፣ የተጠናችው ሴት ስለ ራሷ የተጻፈውን አንብባ «ይህስ ልክ አይደለም» የማለት ዕድል አላገኘችም።

በዚያው ተራራ ሰንሰለት ላይ ግን የተሻለም ነገር አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ የመሠረቱት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል 705 ሄክታር ላይ ተንጣሎ አገር በቀል ዛፎችን ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት በየቅጹ የመዘገበው ትውልድ ዕውቀት ከመጽሐፍ ወጥቶ መሬት ያዘ። ሁለት ተቋማት አንድን ተራራ በጋራ ሊይዙ እንደሚችሉ ይህ ማስረጃ ነው። የሚቀረው ሦስተኛው ወገን ነው፤ ከተራራው ግርጌ የሚኖረው ሰው።

የከተማዋ ዳር ሲርቅ

በሾላው ሰልፍ ዘመን የከተማዋ ዳር ሾላ ነበር። ዛሬ ሾላ መሀል ሆኗል፤ ዳሩ በኮተቤ አልፎ የካ አባዶ ደርሷል። ትናንት ሲታረስ በነበረ መሬት ላይ ዛሬ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ተደርድረዋል። ነዋሪውን ያሰባሰበው ዘር ወይም ዕድሜ ልክ የቆየ ጉርብትና ሳይሆን ዕጣ ነው። ከፒያሳ የመጣው ከመርካቶው ጋር፣ ጡረተኛው ከአዲስ ተጋቢው ጋር በአንድ ደረጃ ይወጣል፣ ይወርዳል። ዕድሩ አዲስ ነው፤ ሕፃናቱ ብዙ ናቸው። በከተማዋ ጠርዝ የተካሄደው ግንባታ ገበሬዎችን ከማሳቸው ማስነሣቱም አይዘነጋም። ስለዚህ እንዲህ ባለ ሰፈር ሁለት ማኅበረሰቦች አሉ፦ አዲስ የመጣውና የቀደመው። ሁለቱን የሚያስተዋውቅ ግን እምብዛም አይገኝም።

ታዲያ ከዚህ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ መምህራንን በማሠልጠን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የኖረው የኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ አለ። ይህን ያህል የቀረበ ዕድል በሌላ ቦታ በቀላሉ አይገኝም። ምን ይደረግ? ቢሊዮን ብር አያስፈልግም። ሠልጣኝ መምህራን በየዓመቱ በተለያየ ቦታ ከሚበተኑ ይልቅ፣ ትምህርት ክፍሉ ከአንድ ሰፈር ትምህርት ቤቶች ጋር ለአሥር ዓመት ይዋዋል። የሕግ ፋኩልቲ ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የሚቋቋሙትን የጋራ ሕንፃ ባለቤቶች ማኅበራት ያማክሩ፤ የጣሪያና የውኃ ታንከር ጭቅጭቅ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ያልቃል። የታሪክ ተማሪዎች ከሕንፃው በፊት በቦታው የኖሩትን ሽማግሌዎች ትዝታ ይመዝግቡ። ጥናት የተጠናበት ሰፈር ውጤቱን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ በዕድሩ ድንኳን ተሰብስቦ ይስማ፤ ይተችም። ከሁሉ በላይ፣ የትኛው ጥናት ይቅደም የሚለው ሲወሰን የዕድሩ ዳኛና የወላጆች ተወካይ ወንበር ይኑራቸው።

«ዩኒቨርሲቲ የዕርዳታ ድርጅት አይደለም፤ ሥራው ዕውቀት ነው» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እኔም እስማማለሁ። ነገር ግን ጎንደር ከደምቢያ ወባ ተማረ እንጂ ደምቢያን መጸወተ አልተባለም። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 የማኅበረሰብ አገልግሎትን ከማስተማርና ከምርምር ጎን አስቀምጦታል። ወረቀቱ አለ። የጎደለው ሚዛኑ ነው፤ መምህሩ ዕድገት የሚያገኘው በውጭ መጽሔት ባሳተመው ከሆነ፣ ቅዳሜን የካ አባዶ የሚያሳልፍበት ምን ምክንያት አለው? የበላይ አካል ለሪፖርት ብሎ «በዚህ ዓመት ይህን ያህል ሰው አገልግለናል» የሚል ቁጥር ሲጠይቅም፣ ያው የጥንቱ ዘመቻ በሌላ ስም ይመለሳል።

ውድ አንባቢያን፣ እኛም የግቢው ልጆች ነን፤ ያስተማረን ከአጥሩ ውጭ የቆመው ሰው ነው። ያ ትውልድ ሾላን አይቶ «ድህነት ወንጀል ነውን?» ብሎ ጠየቀ፤ ጥያቄው የክብር ነበር። የእኛ ትውልድ ፈተና ከጥያቄው በኋላ እዚያው መቆየት ነው፦ ሰልፉ ሲበተን፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ፣ ሪፖርቱ ሲገባ አለመሄድ። ግቢ መግባት ክብር ከሆነ፣ ከግቢ ወጥቶ በጎረቤት በር «ቤቶች!» ማለትም ክብር እስኪሆን ድረስ ታሪካችን አልተሟላም።

ቸር ይግጠመን።