የኮሶ ታሪክና የሰውነታችን መከላከያ

ኮሶ የሚለው ቃል በቋንቋችን የሁለት ነገር ስም ነው፤ የትሉም ስም ነው፤ ትሉን የሚያወጣው ዛፍም ስም ነው። በሽታውንና መድኃኒቱን በአንድ ስም የጠራ ሕዝብ ሁለቱን አብሮ ሲያውቅ እንደ ኖረ አያጠራጥርም። እኛም ለዚህ ለበዓሉ መጽሔት ጽሑፍ አዘጋጁ በተባልን ጊዜ አንድ ጥያቄ ልናነሣ ወደድን፤ ይኸውም ፈንጣጣ አንድ ጊዜ ይዞት የዳነ ሰው ዳግመኛ አይታመምም ነበር፤ ታዲያ ኮሶ የወጣለት ሰው ከሁለት ወር በኋላ ስለ ምን እንደ ገና ይጠጣ ነበር? (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

አያቶቻችን የሴቴውን ዛፍ ቀይ አበባ አድርቀው፥ ወቅጠውና በውሃ በጥብጠው በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጡት ነበር። ጣዕሙ ምን እንደ ነበረ «እንደ ኮሶ መረረኝ» የሚለው አነጋገር ይመሰክራል። ኮሶ የጠጣ ሰው በዚያ ቀን ከቤቱ አይወጣም፤ እንግዳም አይቀበልም፤ «ጌታዬ ኮሶ ጠጥተዋል» ከተባለ ጠያቂው ያለ ቅሬታ ይመለስ ነበር። (በክፍላችን ይህ ምክንያት ዛሬም ቢሠራ የሚወዱ ተማሪዎች አይጠፉም።) መድኃኒቱ ሲበዛ ሰውን ክፉኛ ይጎዳ ስለ ነበረ፥ መጠኑን ማወቅ ትልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነገር ነበር።

በ1769 ወደ አገራችን የመጣው የስኮትላንድ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ ዛፉን አይቶ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ገልጾታል። ከዚያም በቁስጥንጥንያ ይሠራ የነበረ ብራዬር የሚባል የፈረንሳይ ሐኪም የአበባውን ኃይል ለአውሮፓ ሐኪሞች አስታወቀ፤ በ19ኛው መቶ ዓመትም ኮሶ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ጀመረ። ይሁን እንጂ ገዢዎቹ ትሉ ከየት እንደሚመጣ ገና አልተረዱም ነበር፤ ብዙዎች ከሰው አንጀት በራሱ የሚፈጠር ይመስላቸው ነበር። በ1855 ኩኽንማይስተር የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም ሞት ለተፈረደበት እስረኛ የትል ፍሬ ያለበትን የዐሣማ ሥጋ አበላውና ከሞቱ በኋላ ትሎቹን በአንጀቱ ውስጥ አገኘ። (ሥራው ዕውቀት ቢያስገኝም እኛ አናመሰግነውም፤ እስረኛው የሚበላውን አላወቀም።) በ1861 ደግሞ ሎይካርት የሚባል ሌላ ጀርመናዊ የኮሶ ትል እንቍላል ለጥጃ አብልቶ፥ በጥጃው ሥጋ ውስጥ ፊኛ የመሰሉትን ፍሬዎች አገኘ። መንገዱ በዚህ ታወቀ፤ ሰው በሜዳ ይጸዳዳል፤ ከብቱ እንቍላሉን ከሣር ጋር ይግጣል፤ ሰውም ጥሬውን ሥጋ ይበላል።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። እንቍላሉ በከብቱ አንጀት ሲፈለፈል ስድስት መንጠቆ ያላት ታናሽ እጭ ትወጣለች፤ የአንጀቱን ግድግዳ በስታ በደም ተጭና ወደ ሥጋ ትገባለች። ደም እንግዳ መምጣቱን ዐውቆ ፀረ እንግዳ አካላት የሚባሉትን እስኪያዘጋጅ ድረስ ቀናት ያልፋሉ፤ እጯም በዚህ መካከል ሥጋው ውስጥ ገብታ ሽፋን ታበጃለች። ስለዚህ ፊተኛዪቱ ታመልጣለች። በኋላ የሚመጡት ግን የተዘጋጀ ጦር ይጠብቃቸዋልና ብዙዎቹ ገና ሲገቡ ይሞታሉ። በሬው በሩን የዘጋው ሌባው ከቤት ከገባ በኋላ ነው።

በሰው አንጀት የሚኖረው ትልቁ ትል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ ሜትር ይረዝማል፤ አፍም ሆድም የለውም፤ ምግቡን በቆዳው ይመጣል። በራሱ ላይ ባሉት አራት መጣበቂያዎች አንጀትን ይይዛል እንጂ በስቶ ወደ ደም አይገባም፤ ቆዳውንም ዘወትር ያድሳል። ፓውል ኤርሊኽ በ1879 የለያቸው፥ ኤኦሲን በሚባለው ቀለም የሚቀሉት ነጭ የደም ሕዋሳት በአንዳንዱ በሽተኛ ጥቂት ይበዛሉ፤ ትሉን ግን አያወጡትም። ትሉ በመድኃኒት ቢወጣም ሌላ እንዳይገባ የሚከለክል ኃይል በሰውየው ላይ አይቀርም። እንግዲህ አያቶቻችን ደጋግመው የጠጡት ደማቸው ሊሠራው ያልቻለውን ሥራ ዛፉ እንዲሠራላቸው ነው።

በ1932 ሚለር የሚባል አሜሪካዊ ከባልደረባው ጋር ሆኖ፥ በእጭ ተይዘው ከነበሩ አይጦች ሴረም የሚባለውን የደም ውሃ ወስዶ ላልተያዙት ቢወጋቸው ከእጩ ጠበቃቸው። በ1989 ደግሞ የአውስትራልያና የኒው ዚላንድ ተመራማሪዎች ከእጯ አካል አንዱን ፕሮቲን በባክቴሪያ አሠርተው በጎችን ከተቡና ተሳካላቸው፤ በኋላም ለዐሣማ የሚሆን ተሠራ። ለሰው አንጀት የሚሆን ክትባት ግን እስካሁን አልተገኘም።