ቀጋ ሁሉ እኩል አይደለም

የክፍለ ከተማችን ስም ግማሹ ከማሽን፣ ግማሹ ከዛፍ የመጣ ነው። «ነፋስ ስልክ» ያለ ሽቦ መልእክት ከሚያስተላልፈው የሬዲዮ ጣቢያ የተወሰደ ሲሆን፣ «ላፍቶ» ደግሞ በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው። ሾላ ገበያም ስሙን ያገኘው ከዛፍ ነው። ስሙ ቀርቷል፤ ዛፉ ግን ከብዙ ሰፈር ጠፍቷል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው አገር በቀል ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ ቶሎ አለቀ። ከእንጨት እጥረት የተነሣ አፄ ምኒልክ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ ደርሰው ነበር። ከተማዋን ያቆማት ባሕር ዛፍ ነው። ውለታው አይካድም፤ ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ልጅ ያሳደጉ እናቶች ብዙ ናቸው። ግን የሚበላ ፍሬ የለውም።

የሚበላ ፍሬ ያላቸው ቀጋ፣ አጋም፣ ኮሽም፣ እንኮይና ዶቅማ የእረኛ ምግብ ተብለው ተናቁ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው በክፉ ቀን ሰው የጫካ ፍሬና ሥራ ሥር እየበላ ነበር ነፍሱን ያቆየው። ከዚያ ወዲህም «የችግር ቀን ምግብ» የሚለው ኀፍረት አልለቀቃቸውም።

ገጠር ያደግን ግን አንድ ነገር እናውቃለን። የአንዱ ቀጋ ፍሬ ሥጋው ወፍራምና ጣፋጭ ነው፤ ከጎኑ ያለው ደግሞ ዘር ብቻ። ልጆች ለይተው ወደ ጥሩው ይሮጣሉ።

ይህ የልጅ ዕውቀት በሩቅ አገር ቁም ነገር ሆኗል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ብርቱካን ወደ እንግሊዝ እንደ ልብ መግባት አልቻለም። በ1941 እ.ኤ.አ. መንግሥት የዱር ቀጋ እንዲለቀም ጠየቀ፤ የሴቶች ማኅበራትና ተማሪዎች ለቀሙ፤ ለሕፃናት የሚሰጥ ሽሮፕ ተሠራበት። ፍሬው ሲመረመር የቫይታሚን ሲ መጠኑ እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ተለያየ። የሰሜኑ ከደቡቡ በልጦ ተገኘ።

ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። የዱር ተክል ከዘር ስለሚበቅል እያንዳንዱ እንደ ሰው ልጅ ይለያያል። አፈሩ፣ ፀሐዩ፣ ዝናቡና የቦታው ከፍታም ይጨመርበታል።

ለእኛ ይህ የጓዳ ጉዳይ ነው። በጾም ከሽሮና ከምስር የምናገኘውን ብረት ሰውነት በቀላሉ አይወስደውም፤ ቫይታሚን ሲ ያለው ፍሬ አብሮ ሲበላ ግን ይሻላል። ደም ማነስ ለሚያሰጋት ነፍሰ ጡር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቀጋን ስንበላ ዘሩንና ጸጉሩን ጠርገን እናውጣ፤ ጸጉሩ ጉሮሮ ይቧጥጣል። ብዙ ማፍላትም ቫይታሚኑን ያጠፋዋል።

እህቶቼ፣ በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን፤ የምንቆጥረው ግን ቁጥሩን ብቻ ነው። ዘንድሮ ለአጥራችን ቀጋ እንትከል፤ እሾሁም አጥር ነው። ከዚያ በፊት ግን ገጠር ዘመድ ያላት ትጠይቅ፦ «ልጆች የሚሽቀዳደሙበት የትኛው ነው?» ከዘር የበቀለ እናቱን ላይመስል ይችላል፤ ከቅርንጫፉ ተቆርጦ የተተከለ ግን ያንኑ ፍሬ ይሰጣል። የትኛው እንደሚጣፍጥ የሚያውቁት እናቶቻችን ሳያልፉ እንጠይቃቸው። ዛፉ ቢቆረጥ ሌላ ይተከላል፤ የትኛው ጥሩ እንደነበረ የሚነግረን ሰው ካለፈ ግን መልሰን አናገኘውም።