«የታረመ» ወይስ «የተነካካ»? የተኳኳለ ፊት ፎቶግራፍ ታሪክና የስያሜው ጉዳይ

ከጥቂት ጊዜ በፊት አንድ ተርጓሚ ወዳጃችን ሁለት ቃል ብቻ ያለበትን የፈረንሳይኛ ማስጠንቀቂያ በአማርኛ እንዴት ማስቀመጥ እንደሚሻል ጠየቀን። ማስጠንቀቂያው እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በፈረንሳይ በሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ በንግድ ማስታወቂያ ላይ የሞዴሎች ቁመና ቀጥኖ ወይም ወፍሮ እንዲታይ በኮምፒዩተር በተለወጠ ጊዜ ከፎቶግራፉ ጋር እንዲወጣ በሕግ የታዘዘ ነው። ወዳጃችን በመጀመሪያ «የታረመ ፎቶግራፍ» ብሎ ጻፈ፤ ቀጥሎም ሰርዞ «የተስተካከለ ፎቶግራፍ» አለ። ሁለቱም አላረኩትም፤ እኛንም አላረኩንም። የታረመ ነገር አስቀድሞ ስሕተት የነበረበት ነው፤ የተስተካከለም ነገር አስቀድሞ የተዛባ ነው። ሕጉ ተመልካቹን «ይህን መልክ እንዳለ አትመነው» ሊለው ሲነሣ፣ አማርኛው «ይህ መልክ አሁን ልክ ሆኗል» አለው። ማስጠንቀቂያው ምስጋና ሆኖ አረፈ።

ለአንድ ሥራ ስያሜ ከመምረጥ በፊት ሥራው ራሱ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደ ደረሰ መመርመር ይገባል። ስለዚህም በዚህ አጭር ጽሑፍ የፎቶግራፍን መነካካት ታሪክ፣ በተለይም በከባድ መኳኳያ የተሸፈነን ፊት በሚመለከተው ረገድ፣ እንቃኛለን። ይህን መስክ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። የተኳኳለ ፊት ፎቶግራፍ ከተመልካች ዓይን ከመድረሱ በፊት ሁለት እጆች አልፈውበታል፤ አንዱ በፊቱ ላይ፣ ሌላው በምስሉ ላይ። አንድ ቃል የየትኛውን እጅ ሥራ እንደሚናገር ካልለየ ምንም አልተናገረም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፎቶግራፍ በ1839 ለዓለም ይፋ ሲሆን በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ የሚቀር አንድ ምስል ብቻ ነበረ። የስዊስ ተወላጁ ሠዓሊ ዮሐን ባፕቲስት ኢዘንሪንግ ብዙም ሳይቆይ በእንዲህ ያሉ ምስሎች ላይ ቀለም መቀባት ከጀመሩት አንዱ ነው። የፎቶግራፍ ሰው ጉንጭ የቀላው በዚያ ዘመን ነው ማለት ይቻላል፤ ያቀላው ግን ባለቤቱ ሳይሆን ሠዓሊው ነበረ። እንግሊዛዊው ቶልቦት በ1841 በወረቀት ኔጋቲቭ የሚሠራበትን ዘዴ ሲያስመዘግብ ደግሞ አዲስ በር ተከፈተ። ኔጋቲቭ የምስሉ እናት በመሆኑ፣ በእርሱ ላይ አንድ ጊዜ የተሠራ ለውጥ ከእርሱ በሚታተሙት ቅጂዎች ሁሉ ላይ ይወርሳል። በ1855 በፓሪስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የሙኒኩ ፍራንዝ ሃንፍስቴንግል የአንድን ሰው ምስል ሳይነካካና ነካክቶ ጎን ለጎን እንዳሳየና ሕዝቡም እንደ ተደነቀ በፎቶግራፍ ታሪክ ተደጋግሞ ይነገራል።

አሠራሩን ጠጋ ብለን ስንመለከተው ለስያሜያችን የሚጠቅም ቁም ነገር እናገኛለን። የዚያን ዘመን የፎቶግራፍ ሰሌዳ ሰማያዊን ብርሃን አጥብቆ ይቀበላል፤ ቀይንና ቢጫን ግን ከሞላ ጎደል አያይም። ስለዚህም በዓይን ሲታይ እምብዛም የማይጎላ ቀላ ያለ ነጠብጣብ ወይም ብጉር በምስሉ ላይ ጠቁሮ ይወጣል። ነካኪው በኔጋቲቩ ላይ እርሳስ የሚይዝ ስስ ቫርኒሽ ይቀባና እንደ መርፌ በሾለ ጠንካራ እርሳስ እጅግ ጥቃቅን ጭረቶችን ይጥልበታል። ኔጋቲቭ ሁሉን ገልብጦ የሚያሳይ በመሆኑ በእርሳስ የጠቆረው ስፍራ በቅጂው ላይ ይነጣል። ማጥቆር ሲፈለግ ደግሞ በስለት ይፋቃል። እንግዲህ በመጀመሪያው ዘመን እርሳሱ በከፊል የሚጠግነው የሰውየውን ፊት ሳይሆን የሰሌዳውን ዕውርነት ነበረ። «ማረም» የሚለው ቃል እውነት ሊሆን የሚችለው ለዚህ ብቻ ነው፤ የሚታረመው ግን መሣሪያው እንጂ ሰው አይደለም።

ይኸው የሰሌዳ ዕውርነት የመኳኳያንም ታሪክ ቀይሮታል። ቀይን በማያይ ፊልም ፊት ቀይ ከንፈር ጥቁር ሆኖ ስለሚታይ፣ የድምፅ አልባው ሲኒማ ተዋንያን ለዓይን እንግዳ የሆኑ ቀለሞችን ይቀቡ ነበር። ሁሉንም ቀለም የሚቀበል ፊልም በሆሊውድ ሲስፋፋ፣ በፖላንድ የተወለደው ማክስ ፋክተር በ1928 ለዚሁ ፊልም የሚስማማ መኳኳያ አዘጋጀ። ፊልሙ ቀለምን ማየት ቢጀምርም እርሳሱ ግን ከእጅ አልወረደም። በ1930 ወደ ሜትሮ ጎልድዊን ሜየር የገባው ፎቶግራፍ አንሺ ጆርጅ ኸሬል ያነሣቸው የጆን ክሮፎርድ ምስሎች ለዚህ አብነት ናቸው። የተዋናይቱ ፊት በተፈጥሮው ነጠብጣብ የበዛበት ሲሆን፣ ለሕዝብ በተሠራጩት ቅጂዎች ላይ ግን እንደ ተወለወለ እብነ በረድ ሆኖ ይታያል። ፊልሙ በትክክል ያየውን እርሳሱ ደመሰሰው። ሥራው ከጥገና ወደ ምኞት የተሻገረው እዚህ ላይ ነው።

የኖል ወንድማማቾች የፈጠሩት ፎቶሾፕ በ1990 ለገበያ ሲቀርብ እርሳሱና ስለቱ ወደ ኮምፒዩተር ገቡ። በ2002 የተጨመረው የማዳኛ ብሩሽ ከአንድ ስፍራ የቆዳውን ልስላሴና ሻካራነት ወስዶ፣ የሌላውን ስፍራ ቀለምና ብርሃን ጠብቆ ያለብሰዋል። ሌላው ዘዴ ምስሉን በሁለት ንብርብር መክፈል ነው፤ አንዱ ቀለምንና ጥላን፣ ሁለተኛው የቆዳን ቀዳዳና ጸጉር ይይዛል። ባለሙያው ቀዳዳውን ሳይነካ ቀለሙን ያዋሕዳል። ከባድ መኳኳያ ያለበት ፊት ከሁሉ የበለጠ ትዕግሥት የሚጠይቀው ለዚህ ነው። በቅርብ ሌንስ ሲታይ ዱቄቱ በፊት ጸጉር ላይ ይቀመጣል፤ ቅባቱ በዓይን ሥር ባሉት ሽንትሮች ውስጥ ይጋገራል፤ የዐይን ጥላው ፍርፋሪ ጉንጭ ላይ ይወርዳል፤ የከንፈሩ ቀለም ከወሰኑ ያልፋል፤ የፊትና የአንገት ቀለም በመንጋጋ ላይ ይለያያል። ጠንቃቃው ባለሙያ እነዚህን አንድ በአንድ ይለቅማል። ችኩሉ ግን ሁሉን በአንድነት ያደበዝዝና ፊቱን እንደ ፕላስቲክ ያደርገዋል፤ የኳዩንም ጥበብ አብሮ ያጠፋል። ልኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች እንደሚባለው ነው።

አሁን ወደ ቃላቱ እንመለስ። «ኩል» በግእዝ «ኩሕል» ሲሆን ከዐረብኛው ጋር አንድ ሥር አለው፤ በአማርኛ የጉሮሮው ድምፅ ስለ ወደቀ «ኩል» ሆኗል። ከዚሁ «ተኳለ»፣ ከዚያም በድግግም «ተኳኳለ» ወጣ። ቋንቋችን ለዓይን ብቻ የነበረውን ግሥ ፊትን ሁሉ እንዲያዳርስ ያደረገው ባዕድ ቃል ሳይዋስ፣ አንዱን ፊደል በመድገም ነው። ይህ ድግግም ሥራው መላልሶ፣ እዚህም እዚያም፣ በጥቂት በጥቂቱ መደረጉን ያመለክታል፤ «ቀባ» «ቀባባ»፣ «ቆረጠ» «ቆራረጠ» ይሆናል። «ነካ»ም «ነካካ» ይሆናል። ፈረንሳይኛው «ዳግመኛ መንካት» ብሎ በባዕድ ቅጥያ የገለጸውን አማርኛ በራሱ ስልት ያለ ቅጥያ ይገልጸዋል። ከዚህም በላይ «ማስረጃው ተነካክቷል» ስንል ጥርጣሬን እንጨምርበታለን። ማስጠንቀቂያው የሚፈልገውም ይህንኑ ጥርጣሬ ነው።

ሌሎች እጩዎችም አሉ። ውል አዋዋዮች «ስርዝ ድልዝ የሌለበት» እንደሚሉት «ድልዝ» ጠንካራ ቃል ነው፤ ነገር ግን መፋቅን እንጂ መጨመርን አያሳይም። «ቀባባ» ነውርን መሸፈንን ስለሚያሰማ የባለሙያውን ጥበብ ያዋርዳል። ዛሬ በየአፉ ያለው «ኤዲት የተደረገ» ደግሞ መቁረጥንም፣ ማብራትንም፣ መልክ መለወጥንም በአንድ ከረጢት ይጨምራል።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። በ2012 የወጣው የእስራኤል ሕግ ሞዴሎችን ቀጭን አስመስሎ ማሳየትን ይመለከታል፤ የፈረንሳዩ የቁመናን መቅጠንና መወፈር ነው። በ2022 በሥራ ላይ የዋለው የኖርዌይ ሕግ ግን ከገላ ቅርጽና መጠን በተጨማሪ ቆዳንም ይጨምራል። በከባድ መኳኳያ የተዋበች ሴት ቆዳዋ ብቻ በኮምፒዩተር ቢለሰልስ ከላይ በተጠቀሰው የፈረንሳይ ሕግ ምልክት አያስፈልገውም፤ በኖርዌዩ ያስፈልገዋል። ሁለቱንም «የታረመ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ሕጎቹን አንድ ያደርጋቸዋል። በተለይም በእስራኤልና በአውሮፓ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የሚተረጉሙ ባለሙያዎች ይህን ሊያጤኑት ይገባል።

በበኩላችን የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። «መነካካት» ጠቅላላ ስም ይሁን፤ በሥሩም ፍርፋሪንና ጉድፍን ለማንሣት «ማጽዳት»፣ ለቆዳ «ማለስለስ»፣ ለገላ ቅርጽ «መለወጥ» ይቀመጡ። «ነካኪ» የሚለው ስም ባለሙያውን ቅር ሊያሰኘው እንደሚችል እናውቃለን፤ ስለዚህ እርሱን «የፎቶግራፍ አሳማሪ» ማለት ይቻላል። የሠሪው ስምና የማስጠንቀቂያው ቃል ከአንድ ግሥ የግድ መውጣት የለባቸውም። «ማረም» ግን ለጽሑፍና ለመሣሪያ ይቆይ። ለወዳጃችንም «የተነካካ ፎቶግራፍ» ብሎ እንዲጽፍ መክረነዋል። የሰው ፊት የሚታረም ስሕተት አይደለምና።