ብሉዝን ለልጆቻችን በአማርኛ እንንገራቸው



ፌብሩዋሪ ሲመጣ ልጆቻችን ከመደበኛ ትምህርት ቤታቸው የጥቁር አሜሪካውያንን ታሪክ እየተማሩ ይመጣሉ። አንዱ የማርቲን ሉተር ኪንግን ሥዕል ቀለም ቀብቶ ይመጣል፣ ሌላዋ ስለ አንድ ዘፋኝ አንድ ገጽ ጻፊ ተብላ ትመጣለች። ከዚያ ጥያቄው ወደ እኛ ይዞራል። «ይሄ የኛ ታሪክ ነው ወይስ የእነሱ?» ብዙዎቻችን ሥራ ላይ ሆነን «የእነሱ ነው፣ እኛ ኢትዮጵያውያን ነን» ብለን እናልፈዋለን። መልሱ ውሸት አይደለም፣ ግን ጎደሎ ነው። ልጁ መንገድ ላይም ክፍል ውስጥም የሚታየው እንደ ጥቁር ልጅ ነው፤ ለምን እንዲህ እንደሚታይ ደግሞ ከቤት የሚነግረው ሰው ይፈልጋል።

ለትንሽ ልጅ ስለ ሕግና ስለ ጦርነት ብናወራለት ቶሎ ይሰለቻል። ዘፈን ግን ይሰማል። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን ብሉዝ የሚባለውን ሙዚቃ ይዘን ታሪኩን ለልጅ እንዴት መንገር እንደምንችል እናያለን። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከጥጥ እርሻ የበቀለ ዘፈን

በአሜሪካ ባርነት በሕግ የተሻረው በ1865፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ ባበቃበት ዓመት ነው። ነፃ የወጡት ሰዎች ግን መሬት አላገኙም። አብዛኞቹ እዚያው ጥጥ እርሻ ላይ እኩል አራሽ ሆነው ቀሩ። እኩል አራሽነት ምን እንደሆነ ለእኛ ብዙ ማስረዳት አያስፈልግም፤ አያቶቻችን ጭሰኛ የሚለውን ቃል በደንብ ያውቁታል። ባለመሬቱ ዘሩንና በቅሎውን ይሰጣል፣ የቀለቡንም ዱቤ ይከፍታል። ጥጡ ሲለቀም ድርሻውን ይወስዳል፣ የዱቤውን ሒሳብም የሚያሰላው ራሱ ነው። ዓመቱ ሲዘጋ አራሹ ብዙ ጊዜ ባለዕዳ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ላይ ጥቁሮችን ከነጮች የሚለዩ ሕጎች ወጡ፣ ድምፅ መስጠትም በተግባር ተከለከለ፣ ያለ ፍርድ በመንጋ ተሰቅሎ የሚገደለውም ብዙ ነበር።

ብሉዝ የበቀለው በዚህ ኑሮ ውስጥ ነው። በተለይ ሚሲሲፒ ዴልታ የሚባለው ጥጥ አብቃይ ሜዳ በብሉዝ ታሪክ ትልቅ ስም አለው። ሥሩ ሦስት አራት ነው፦ በሥራ ላይ አንዱ የሚያወጣው ሌላው የሚቀበለው ዘፈን (ደቦ ላይ የቆመ ሰው ወዲያው ይገባዋል)፣ ብቻውን እርሻ ላይ ያለ ሰው የሚያሰማው እንጉርጉሮ፣ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር፣ እንዲሁም በባርነት ከተወሰዱት አፍሪካውያን የወረደው የአዘፋፈን ስልት። እነዚያ አፍሪካውያን በብዛት የመጡት ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ነው። ይህን ለልጆቻችን በትክክል እንንገራቸው፤ ብሉዝ ከኢትዮጵያ አልሄደም።

ስሙ ልጆችን ሊያደናግር ይችላል። በእንግሊዝኛ የሰማያዊ ቀለም ስም ለሐዘንም ያገለግላል። በአማርኛ ለልጅ ሲነገር «ሆድ የባሰው ሰው ዘፈን» ማለት ይበቃል። ግን ሁሉም ብሉዝ ሐዘን እንዳልሆነም ጨምሩበት። የሚያስቅ አለ፣ የሚያስጨፍር አለ፣ የሚዛበትም አለ። ባለመሬቱን በግልጽ መክሰስ አደጋ በነበረበት ዘመን ብሶቱ አንዳንድ ጊዜ በፍቅር ቅሬታ ወይም በቀልድ ተሸፍኖ ይወጣ ነበር። ሰምና ወርቅ ላደግንበት ለእኛ ይሄ እንግዳ ነገር አይደለም።

ይህ ሙዚቃ ከእርሻ ወደ ዓለም የወጣው ቀስ በቀስ ነው። ደብልዩ ሲ ሃንዲ የሚባል ኖታ የተማረ ጥቁር የባንድ መሪ በ1903 ገደማ በሚሲሲፒ ቱትዋይለር ባቡር ጣቢያ ባቡር ሲጠብቅ አንድ ሰው ጊታር ላይ ቢላዋ እያንሸራተተ ሲዘፍን ሰማ። ነገሩ ከጭንቅላቱ አልወጣም። በኋላ ይህን ዓይነት ዜማ በኖታ እየጻፈ በ1912 እና በ1914 ሁለት ታዋቂ የብሉዝ ሥራዎችን አሳተመ። በ1920 ማሚ ስሚዝ ብሉዝን በሸክላ ቀረጸች፤ ሸክላው በጣም ተሸጠ። እስከዚያ ድረስ «ጥቁር ሸክላ አይገዛም» ብለው የተቀመጡት ኩባንያዎች ዘፋኝ ፍለጋ ተሯሯጡ። ብዙም ሳይቆይ የብሉዝ ንግሥተ ነገሥታት የተባለችው ቤሲ ስሚዝ መጣች። እንግዲህ ልብ በሉ፣ በሸክላ ዘመን የመጀመሪያዎቹ የብሉዝ ኮከቦች ሴቶች ነበሩ። ለሴት ልጆቻችን ይሄን መንገር ጥሩ ነው።

ለጀማሪ ልጅ ከየት እንጀምር?

አንደኛ፣ ከአንድ ክር። በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ጊታር የሚገዛበት ገንዘብ ያልነበረው ልጅ ከመጥረጊያ ላይ ሽቦ ፈትቶ ግድግዳ ላይ በምስማር ይወጥር ነበር። ከሽቦው ሥር ጠርሙስ ይሸጉጥና እየመታ ይጫወታል። ይህ ባለ አንድ ክር መሣሪያ ዲድሊ ቦ ይባላል፤ ብዙ የብሉዝ ጊታሪስቶች የጀመሩት በእሱ ነው። እዚህ ላይ የመሲንቆ ፎቶ አውጡና አሳዩ። መሲንቆ በፈረስ ጭራ ተሠርቶ የሚገዘገዝ ነው፣ ያኛው በሽቦ ተሠርቶ የሚመታ ነው። ሁለቱ አይዛመዱም፤ ልጁ ግን በአንድ ክር ብቻ ዘፈን መሥራት እንደሚቻል ወዲያው ይገባዋል።

ሁለተኛ፣ ከሦስት ስንኝ። የተለመደው የብሉዝ ግጥም አንድ ሐሳብ ይናገራል፣ ያንኑ ይደግመዋል፣ በሦስተኛው ይመልሰዋል። መድገሙ ጥቅም አለው፤ ዘፋኙ እየደገመ የሚቀጥለውን ቤት መምቻ ያስባል። አዝማሪ ግጥም እስኪነገረው ሲጠብቅ ያያችሁ ይሄን ታውቁታላችሁ። ክፍል ውስጥ እንደ ምሳሌ የሠራነው ይሄ ነው፦

አውቶብሱ ጥሎኝ ሄደ፣ ዝናቡም በረታ፤
አውቶብሱ ጥሎኝ ሄደ፣ ዝናቡም በረታ፤
ጫማዬ ውኃ ጠጥቶ፣ ቤቴ ገባሁ ማታ።

ልጆች ይህን በጣም ይወዱታል። አማርኛቸው ገና የሆነ ልጆች እንኳ አንድ ዓረፍተ ነገር ካላቸው ሁለቱን ስንኝ አገኙ ማለት ነው፤ የሚቀራቸው አንድ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ከሰው ታሪክ። ሁለት ሰዎች እንጠቁማችሁ።

ቢ ቢ ኪንግ በ1925 ሚሲሲፒ ውስጥ ተወለደ፤ በልጅነቱ ጥጥ ለቅሟል፣ በኋላም ትራክተር ነድቷል። በ1949 ክረምት በአርካንሳ፣ ትዊስት በምትባል መንደር አንድ ጭፈራ ቤት ውስጥ ሲጫወት ቤቱን ለማሞቅ ነጭ ጋዝ ያለበት በርሜል እየነደደ ነበር። ሁለት ሰዎች ተደባድበው በርሜሉን ገለበጡትና ቤቱ ተያያዘ። ኪንግ ሮጦ ከወጣ በኋላ ጊታሩን መርሳቱ ትዝ ሲለው ተመልሶ እሳቱ ውስጥ ገብቶ አወጣው። በማግስቱ ጠቡ ሉሲል በምትባል ሴት ምክንያት እንደነበር ሰማ። ሁለተኛ እንዲህ ያለ ሞኝነት እንዳይሠራ ማስታወሻ እንዲሆነው ጊታሩን ሉሲል አለው፤ ከዚያ በኋላ የያዛቸውንም ጊታሮች በዚሁ ስም ጠራቸው።

ሁለተኛዋ ኤልዛቤት ኮተን ናት። የሰሜን ካሮላይና ልጅ ናት፤ ግራኝ ስለነበረች ጊታሩን ገልብጣ ነበር የምትጫወተው። ስለ ጭነት ባቡር የሚናገረውን ዝነኛ ዘፈኗን የደረሰችው ገና በልጅነቷ ነው። ከዚያ ግን ጊታሩን ለብዙ ዓመታት ተወችው። ዕድሜዋ ከገፋ በኋላ ዋሽንግተን አካባቢ የሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ቤተሰቡ ሙዚቀኛ ነበርና ችሎታዋን አወቁላት። ግራሚ የተሸለመችው በ1985፣ በዘጠናዎቹ ዕድሜዋ ነው። ዘፈኗ ለስላሳና ለትንሽ ልጅ ጆሮ የሚመች ስለሆነ በእሷ ጀምሩ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ብዙ የብሉዝ ዘፈኖች የተዘፈኑት ለአዋቂ ነው፤ ስለ መጠጥና ስለ ሌላም ሌላም ያወራሉ። ለልጅ ከመክፈታችሁ በፊት እናንተ ቀድማችሁ ስሙት።

እስከ አዲስ አበባ የደረሰ ድምፅ

ከ1910ዎቹ እስከ 1970 ባለው ጊዜ ስድስት ሚሊዮን ያህል ጥቁሮች ደቡቡን ጥለው ወደ ቺካጎ፣ ዲትሮይት፣ ኒው ዮርክና ሎስ አንጀለስ ሄዱ። በአገራቸው ውስጥ ስደተኛ ሆኑ ማለት ይቻላል። በ1943 ማዲ ዋተርስ የተባለ የእርሻ ሠራተኛ ከሚሲሲፒ ወደ ቺካጎ ሄደ። በጫጫታ የተሞላ መጠጥ ቤት ውስጥ ተራ ጊታር ስለማይሰማ ኤሌክትሪክ ጊታር ያዘ። የእንግሊዞቹ ሮሊንግ ስቶንስ ስማቸውን የወሰዱት ከእሱ ዘፈን ነው። ቢግ ማማ ቶርንተን የተባለችው ጥቁር ዘፋኝ በ1953 ያወጣችውን ዘፈን ደግሞ ኤልቪስ ፕሪስሊ በ1956 ዘፍኖት ዓለም ሁሉ ሰማው። ዝናውና ገንዘቡ ግን ለእሷ አልደረሳትም። ይሄ ፍትሕ ነው ወይ ብላችሁ ልጆቹን ጠይቋቸው፤ በጣም ጥሩ ውይይት ይወጣዋል።

ከዚያ ወደ እኛ ይመጣል። «ተማር ልጄ»ን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ቤት ያለ አይመስለንም። ዘፋኙ አለማየሁ እሸቴ በወጣትነቱ «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» ይባል ነበር። እንግዲህ መስመሩን ወደ ኋላ ተከተሉት፦ ከአለማየሁ ወደ ኤልቪስ፣ ከኤልቪስ ወደ ቢግ ማማ ቶርንተን፣ ከእሷ ወደ ጥጥ እርሻው። የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባለው ሙላቱ አስታጥቄም ቦስተን በርክሊ ገብቶ የተማረው ጃዝ ከብሉዝ ጋር አብሮ ያደገ ሙዚቃ ነው። የወላጆቻችን የወጣትነት ዘፈን ውስጥ የሚሲሲፒ አራሾች እጅ አለበት ማለት ነው።

ትዝታን ከብሉዝ ጋር የሚያነጻጽሩ ብዙ ናቸው። ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ በአምስት ድምፅ ይሄዳሉ፣ ሁለቱም ያጡትን ነገር ያነሳሉ። አንዱ ከሌላው ተወለደ ማለት ግን አይደለም። ሁለቱን አከታትላችሁ አሰሙና ልጁ የሚመሳሰለውንና የማይመሳሰለውን በአማርኛ ይንገራችሁ።

በሩን ማን ከፈተው?

አሁን ወደ ተነሳንበት ጥያቄ እንመለስ። በ1924 የወጣው የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ለኢትዮጵያ የሰጠው ኮታ በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር። ይህ የኮታ ሥርዓት የተሻረው በ1965 ነው። ያ ዓመት የጥቁሮች የመምረጥ መብት ሕግ የጸደቀበት ዓመት ነው፤ የሲቪል መብት ሕጉ የወጣው ደግሞ አንድ ዓመት ቀድሞ ነው። ሰውን በዘሩ መለየት ነውር ነው የሚለውን ሐሳብ አገሩ እንዲቀበል ያስገደዱት በአውቶብስና በምርጫ ጣቢያ የታገሉ፣ የታሰሩና የሞቱ ሰዎች ናቸው። የ1980ው የስደተኞች ሕግም፣ ዲቪን ያመጣው የ1990ው ሕግም የተከተሉት ከዚያ በኋላ ነው። እኛ የገባንበት በር ላይ የእነዚህ ሰዎች ትግል አለበት።

ስለዚህ አንድ ከባድ ነገር ሳንነካ ማለፍ አንችልም። በአንዳንድ ቤት፣ በአንዳንድ ግብዣ ላይ፣ ጥቁር አሜሪካውያንን «ባሪያ» ብሎ መጥራት አለ። ብዙዎች በልማድ እንጂ በክፋት አይሉትም ይሆናል። ልጆቻችን ግን ይሰማሉ፤ አማርኛ የሚማሩት ከእኛ ክፍል ብቻ አይደለም። ቃሉን የሰማው ልጅ ሰኞ ጠዋት ከእነዚያው ሰዎች ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ልጁ ቃሉ ከየት እንደመጣ ቢጠይቃችሁ እውነቱን ንገሩት፦ በአገራችንም ባርነት ነበር፣ በአዋጅ የተሻረውም በ1942 ነው። ይህን መናገር አገርን ማዋረድ አይደለም። ቃሉን ከቤታችን ማውጣት ግን የእኛ የወላጆችና የመምህራን ሥራ ነው።

«የኛ ነው ወይስ የእነሱ?» ለሚለው ልጅ እንዲህ ብንመልስለት ጥሩ ይመስለናል፦ «ታሪኩን የኖሩት እነሱ ናቸው። እኛም ከእነሱ ያገኘነው ነገር ስላለ ልናውቀውና ልናከብረው ይገባል።»

ለሚቀጥለው ሳምንት ልጆቹ ባለ ሦስት ስንኝ ብሉዝ በአማርኛ ጽፈው ይምጡ። ፊደል ላይ የሚቸገሩትን እናንተ አግዟቸው፤ ሐሳቡ ግን የራሳቸው ይሁን። የጠፋ ካልሲም ቢሆን፣ አገር ቤት ያለች አያት ናፍቆትም ቢሆን ሆድ ያባሳቸውን ይጻፉ። ክራር ወይም ጊታር ያላችሁ ወላጆች ይዛችሁ ብትመጡ ደስ ይለናል።

መልካም ሳምንት ይሁንላችሁ።